ጋዙ አላለቀም ነበር፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ በረዶውን ማቅለጥ ያቃተው ፍሪጅ

ዳራ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፍሪጅ ገዛሁ ያለ ሰው መቀለጃ ይሆናል። «ደጅ ብታሳድረው አይበቃም?» ይሉታል። ቀልዱ ግማሽ እውነት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ለብሶ ይገኛል። ቀን ላይ ግን ፀሐይዋ ከረር ትላለች፤ ወተትና ሥጋ እንደ ልብ አይውሉም።

ይህ ጉዳይ የሰፈራችን የአንዲት እናት ቤት ውስጥ ያጋጠመ ነው። እርጎና ቅቤ ለጎረቤት ይሸጣሉ። ፍሪጁን የሰጠቻቸው ሸዋ ሮቢት የምትኖር ልጃቸው ናት። ላዩ ፍሪዘር፣ ታቹ ፍሪጅ፣ ኖ ፍሮስት የሚባለው ዓይነት ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ለዓመታት ሳያስቸግር አገልግሏል። መስከረም መጨረሻ ላይ በአይሱዙ ተጭኖ፣ በደብረ ሲና አልፎ የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ መጣ። ቦታ ስላልነበረ ግቢ ውስጥ ካለው ማድ ቤት ገባ። እንጀራውም ወጡም የሚሠራው እዚያው ነው።

እኔ የተጠራሁት ከገና በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን የሰማሁት ከእናትየውና ኤሌክትሪካል ከሚማረው ታናሽ ልጃቸው ነው። መተዳደሪያዬ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ጉዳዩን መጻፍ የፈለግኩት ብልሽቱ ብርቅ ስለሆነ አይደለም፤ በጣም የተለመደ ነው። ግን አንድ ተራ ብልሽት ሁለት ጊዜ «ተጠገነ» ተብሎ ሁለቱንም ጊዜ ያልተጠገነበት መንገድ ብዙ ያስተምራል።

ችግሩ እንዴት ታየ

መጀመሪያ ያስተዋሉት በጥቅምት ነው። የታችኛው ክፍል ማቀዝቀዙን ቀነሰ። እርጎው ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ጎመኑ ይጠወልጋል። ላይኛው ፍሪዘር ግን ያቀዘቅዛል። እንዲያውም የፍሪዘሩ የጀርባ ግድግዳ ላይ ነጭ በረዶ ወጣ። ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ ቀን ከሌት መሥራት ጀመረ። ውስጥ ያለችው ማራገቢያም አልፎ አልፎ «ክርር» የሚል ድምፅ ታሰማለች።

ጥገና ቤት ተወሰደ። የተሰጠው መልስ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ በቧንቧው እየዞረ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ አልቋል። ጋዝ ተሞላ፣ ተከፈለ፣ ፍሪጁ ተመለሰ። ግሩም ሆኖ ሠራ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ያው ችግር ተመለሰ። «ጋዙ ፈሶ ይሆናል፣ መልሳችሁ አምጡት» ተባለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ፍሪጁ ጥገና ቤት ሳለ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ በሩ ተከፍቶ ነበር ያደረው። ያ ብቻውን ውስጡ የተከመረውን በረዶ አቅልጦታል። ከዚያ በኋላ ምንም ባይነካ እንኳ ለጥቂት ሳምንት ደህና ይሠራል። ስለዚህ ጋዝ ተሞላም አልተሞላ፣ ፍሪጁ «ድኖ» ነው የሚመለሰው። ባለቤቱ ገንዘቡን በደስታ ይከፍላል፤ ጠጋኙም ምናልባት ያዳነው መስሎት ይሆናል።

ይህ ዓይነት ፍሪጅ እንዴት ነው የሚሠራው

ኖ ፍሮስት ማለት በረዶ አይፈጠርበትም ማለት አይደለም። በረዶው ይፈጠራል፤ ግን በማናየው ቦታ ተፈጥሮ ሳናይ ይቀልጣል።

ቅዝቃዜው የሚመነጨው ከፍሪዘሩ የጀርባ ክዳን ኋላ ከተደበቀ የአሉሚኒየም ቧንቧና ክንፍ ነው። ማራገቢያዋ በእሱ መሐል አየር እየሳበች ግማሹን ለፍሪዘሩ፣ ግማሹን በቀዳዳ ወደ ታችኛው ክፍል ትልካለች። ታች የራሱ ማቀዝቀዣ የለውም፤ ኑሮው ከላይ በሚወርድለት አየር ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው እርጥበት ቧንቧው ላይ በረዶ ይሆናል። በረዶው ካልተነሣ ክንፎቹን ይደፍናል፤ አየር አያልፍም። መጀመሪያ የሚጎዳው ታችኛው ክፍል ነው። ማራገቢያዋም በረዶ ሲደርስባት ትፋቃለች፤ የ«ክርር» ምንጩ ይኸው ነው።

በረዶውን የሚያነሡት አራት ነገሮች ናቸው። ታይመሩ ሰዓት ቆጥሮ ኮምፕረሰሩን ያቆምና መብራቱን ወደ ሂተሩ ያዞራል። ሂተሩ ከቧንቧው ሥር ሆኖ ያሞቃል፤ የዚህኛው ፍሪጅ ሂተር 150 ዋት ነው። ቢሜታል የምትባለው ክብ ቁልፍ ቧንቧው ላይ ተቆንጥጣ ሙቀቱን ትከታተላለች። ቧንቧው ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ትዘጋለች፤ ለሂተሩ መብራት ታሳልፋለች። በረዶው አልቆ ቧንቧው 10 ዲግሪን አለፍ ሲል ትከፈታለች፤ ሂተሩም ይጠፋል። አራተኛዋ የሙቀት ፊውዟ ናት። እሷ የመጨረሻዋ ዘበኛ ናት። ቢሜታሏ ሳትከፈት ቀርታ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ፣ በዚህ ፍሪጅ 72 ዲግሪ ላይ፣ ትቃጠልና መስመሩን ለዘለቄታው ትቆርጠዋለች።

የቀለጠው ውሃ ከቧንቧው ሥር ባለች ቀዳዳ ወርዶ ኮምፕረሰሩ ላይ ወዳለች ገበቴ ይገባል። እዚያ በኮምፕረሰሩ ሙቀት ይተናል።

የልጁ ሙከራ

ልጁ ጥገና ቤት መመላለሱ አልጣመውም። ኅዳር ላይ የጀርባውን ክዳን ራሱ ፈታ። ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ሲለካ ፊውዟ ተቃጥላ አገኛት። ያቺኑ 72 ዲግሪ የምትል ፊውዝ ፈልጎ ገዛ፣ ቀየረ፣ ዘጋ። ፍሪጁ ሠራ። ቤተሰቡ አጨበጨበለት።

ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ብልሽቱንም በትክክል አግኝቷል። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ፊውዟን ማን አቃጠላት? ፊውዝ በራሱ ጊዜ አርጅቶ የሚሞትበት አጋጣሚ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያቃጠላት ነገር አለ።

ለጥቂት ሳምንታት ምንም አልታየም። ነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ወተት የለም፣ ሥጋ የለም። ፍሪጁ ባዶ ከመሆኑ የተነሣ በሩን የሚከፍተው ሰው አልነበረም። ነገሩ የታወቀው በገና ማግሥት ነው። የቅርጫው ሥጋ በሙሉ ገባ፤ በሩ በየደቂቃው ተከፈተ። በሦስተኛው ቀን ታች የተቀመጠው ሥጋ ሸተተ። እናትየው ከሁሉም ይልቅ ያዘኑት በዚያ ነው። «ጋዙ እንኳ ይሁን፣ ሥጋውን መድፋት ግን ግፍ ነው» አሉኝ።

ሌላ ጠጋኝ ቤት መጥቶ አየው። ፊውዟ ዳግመኛ መቃጠሏን በትክክል ለይቷል። መፍትሔው ግን «ፊውዟን ቆርጠን ዳይሬክት እናድርገው» ነበር፤ ያለ ፊውዝ ሽቦውን በቀጥታ እናገናኘው ማለቱ ነው። ልጁ ፈርቶ እምቢ አለ። ጥሩ ነው እምቢ ያለው። የዚያን ጊዜ ነው እኔ ጋ የመጣው።

ጋዝ ነው ወይስ በረዶ?

መጀመሪያ ያደረግነው ከሶኬት መንቀል ነው። ይሄ የታወቀ ቢመስልም ሂተሩ በ220 ቮልት ነው የሚሠራው፤ የምንነካካው ደግሞ እርጥብ ቦታ ላይ ነው። ቀጥሎ ኮምፕረሰሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብን። የጋዙ ዓይነት አር 134ኤ ነው ይላል። አር 600ኤ የሚል ቢሆን ኖሮ ጋዙ ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳትም ሆነ ብልጭታ የሚፈጥር መሣሪያ አጠገቡ አይደርስም።

የፍሪዘሩ ክዳን በበረዶ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ፍሪጅ የሚሞተው። ሰው ቢላዋ ያነሣል። ከክዳኑ ኋላ ያለው የአሉሚኒየም ቧንቧ ስስ ነው፤ አንዴ ከተበሳ ያን ጊዜ በእውነት ጋዝ አለቀ ማለት ነው። እኛ በሰታቴ የፈላ ውሃ ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀምጠን በሩን ዘጋን። ሲቀዘቅዝ በሌላ እየቀየርን ቆየን። እንፋሎቱ ሥራውን ሠራ። ክዳኑ ሲላቀቅ ብሎኖቹን ፈትተን፣ የማራገቢያዋን ሽቦ ነቅለን አወጣነው።

ያየነው ነገር ጥያቄውን ግማሹን መለሰ። ቧንቧው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነጭ ግድግዳ ሆኗል። ክንፎቹ አይታዩም። በረዶው በግራም በቀኝም፣ በላይም በታችም እኩል ነው።

ጋዝ ሲጎድል መልኩ እንዲህ አይደለም። ጋዙ የሚደርሰው መግቢያው አካባቢ ብቻ ስለሆነ በረዶው እዚያ ላይ ይከማቻል፤ የቀረው ቧንቧ ግን ደረቅ ነው። ሙሉውን እኩል የሸፈነ በረዶ ቧንቧው በደንብ እየቀዘቀዘ ነው ማለት ነው፤ ያልሠራው ማቅለጫው ነው። ይህን ለማወቅ የጋዝ ግፊት መለኪያ ጌጅም የጋዝ ሲሊንደርም አያስፈልግም፤ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይበቃል። ጋዝ የሞላው ቤት ይህን ክዳን አልከፈተውም ነበር፤ የብሎኖቹ የፕላስቲክ ቆቦች እስከ ኅዳር ድረስ እንዳልተነኩ ልጁ ነግሮኛል።

መለካቱ

በረዶው በሙሉ እስኪቀልጥ ጠበቅን። ፎጣ አነጠፍን። ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው ነጥለን ለካን። ሳይነጥሉ መለካት ያሳስታል፤ ሁሉም በአንድ መስመር የተያያዙ ናቸው።

ሂተሩ 320 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) አካባቢ አነበበ። ይህ ደህና ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 220 በ220 ተባዝቶ ለ150 ዋት ሲካፈል 323 ይሆናል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሂተሩ ተቆርጧል ማለት ነው።

ፊውዟ ሞታለች። ይህንን አውቀን ነው የገባነው።

ቢሜታሏ ላይ ግን ቆም ማለት ነበረብን። ቴስተሩ «ዝግ ናት» አለ። መጻሕፍቱም ቪዲዮዎቹም የሚሉት ቢሜታል በክፍል ሙቀት ክፍት መሆን አለባት ነው። ስለዚህ ተበላሽታለች ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። ችግሩ «የክፍል ሙቀት» የሚለው ነገር ነው። የደብረ ብርሃን ማድ ቤት በጥር ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቢሜታል አንዴ ከተዘጋች የምትከፈተው 10 ዲግሪን አለፍ ሲል ነው። ጤነኛዋም ብትሆን እኛ ማድ ቤት ውስጥ ዝግ ሆና ልትገኝ ትችላለች። ሸዋ ሮቢት ላይ የሚሠራው ምርመራ እዚህ አይሠራም።

ስለዚህ በውሃ ፈተንናት። በትንሽ ፌስታል ጠቅልለን፣ ሽቦዋን ውጭ አስቀርተን፣ መጀመሪያ በረዶና ጨው የተቀላቀለበት ጣሳ ውስጥ ከተትናት። ጨው የገባበት በረዶ ከዜሮ በታች ብዙ ይወርዳል። ዝግ። ይህ ትክክል ነው። ከዚያ እጅ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስገባናት። ጤነኛ ብትሆን «ቀጭ» የምትል ትንሽ ድምፅ አሰምታ መከፈት ነበረባት። ጠበቅን። ውሃውን ሞቅ አደረግነው። ቴስተሩ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ጆሮው ድረስ አስጠግቶ አዳመጣት፤ ምንም። ተጣብቃ ቀርታለች።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ግልጽ ሆነ። ቢሜታሏ ስለማትከፈት ሂተሩ በረዶውን ከጨረሰ በኋላም ታይመሩ እስኪመልሰው ድረስ ይነዳል። በረዶው ወፍራም ከሆነ ሙቀቱን ስለሚውጠው ችግር አይታይም። በረዶው ስስ ሲሆን ግን ቶሎ ያልቅና ሙቀቱ 72 ዲግሪ ይደርሳል፤ ፊውዟ ትቃጠላለች። ልጁ የቀየራት ፊውዝ ያለቀችው በጾሙ ነው። በሩ ስለማይከፈት በረዶው ስስ ነበርና። በረዶው ዳግመኛ ተከምሮ ፍሪጁን እስኪያንቅ ደግሞ ገና ደረሰ።

ዳይሬክት ተደርጎ ቢሆን ኖሮስ? ቢሜታሏ አትከፈትም፤ ፊውዟ የለችም። ሂተሩ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክና ፎም ነው። ቤተሰቡ በተኛበት ሰዓት ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ታይመሩ የታችኛው ክፍል ክዳን ውስጥ ነው፤ አራት እግር ያለው የጥርስ ዓይነት። መሐሉ ላይ ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅ አለ። በእጅ ሲያዞሩት «ጠቅ» ይልና ከኮምፕረሰር ወደ ሂተር ይሻገራል። በቴስተር አየነው፤ በትክክል ይሻገራል። ብዙ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ታይመሩ የሚበላሽ ይመስለዋል። እንዲህ ዓይነቱ ግን መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቆማል፣ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጥገናው

ቢሜታሏና ፊውዟ በአንድ ላይ የተሰናዱ ሆነው ይሸጣሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ፊውዟ ብቻዋን እንጂ ጥንዱ አልተገኘም። መርካቶ ዘመድ ተልኮ፣ የድሮዋን ፎቶ አሳይቶ፣ በሚኒባስ ላከልን። ፎቶው ላይ የፊውዟ 72ና የቢሜታሏ ቁጥር እንዲነበብ አድርገን ነበር ያነሣነው። ቁጥሩ ያልተመሳሰለ ዕቃ ርካሽ ቢሆንም አይገዛም።

የሽቦውን መጋጠሚያ በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተው እዚህ ቦታ አያዛልቅም። ቦታው በየቀኑ ይረጥባል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይሞቃል፤ ናስትሮው በጥቂት ወራት ሙጫውን ይለቃል። እኛ በፒንሳ የሚጨመቅ ማያያዣ ተጠቅመን፣ ላዩን በሙቀት የሚሰበሰብ ሙጫ ያለው ቱቦ አለበስነው። መጋጠሚያው ውሃ እንዳያቁር ሽቦውን ወደ ታች አጠፍነው። ቢሜታሏን ድሮ በነበረችበት ቦታ መልሰን ቆነጠጥናት። ፋብሪካው ያንን ቦታ የመረጠው በረዶው መጨረሻ የሚለቀው እዚያ ስለሆነ ነው።

የውሃ መውረጃዋ ቀዳዳ በበረዶና በጥቁር ቆሻሻ ተደፍና ነበር። ለብ ያለ ውሃ በትልቅ ሲሪንጅ ገፋን። ከኋላ ገበቴው ላይ ጠብ ጠብ ማለቱን እስክንሰማ ደጋገምነው። ይህችን የዘለለ ሰው ሌላውን ሁሉ በትክክል ሠርቶም አትክልት መሳቢያው ሥር ኩሬ ያገኛል።

ዘግተን ከሰካን በኋላ ኮምፕረሰሩን አንድ ሌሊት አሠራነው፤ ቢሜታሏ እንድትዘጋ ቧንቧው መቀዝቀዝ አለበት። ጠዋት ታይመሩን በካቻቢቴ ወደ ማቅለጫው አዞርነው። ኮምፕረሰሩ ዝም አለ። ሂተሩ መሥራቱን ያየነው ከቆጣሪው ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር ሁሉ ነቅለን የካርድ ቆጣሪውን ቀይ መብራት ስናይ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ስለዚህ መብራት የሚበላ ነገር አለ። ቆየት ብሎ ከፍሪዘሩ ውስጥ «ቸስ» የሚል ድምፅ መጣ። የቀለጠ ጠብታ ሂተሩ ላይ ሲያርፍ ነው። ከዚያ ደግሞ የምንጠብቀው ዋናው ነገር ሆነ፦ ታይመሩ ሳይመለስ በፊት የቆጣሪው ብልጭታ ቆመ። ቢሜታሏ ከፍታለች ማለት ነው። ልጁ ከሁሉም በላይ የተደሰተው በዚህ ነው፤ እኔም እንደዚያው።

ብርዱም የበኩሉን አድርጓል

ብልሽቱ ተጠግኖም አንድ ነገር ቀረ። የፍሪዘሩ ሥጋ ሌሊት ሌሊት ይለሰልሳል።

ይህ ብልሽት አይደለም። ፍሪጁ ጎን ላይ የተለጠፈው ወረቀት የአየር ጠባይ ምድቡን ይነግራል። «ኤን» የሚለው ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ላለበት ክፍል ነው። «ኤስኤን» ከ10 እስከ 32፣ «ኤስቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43። ይህኛው «ቲ» ነው። ለሸዋ ሮቢት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ቅዝቃዜውን እያየ ኮምፕረሰሩን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ቴርሞስታት ያለው በታችኛው ክፍል ነው። ማድ ቤቱ 8 ዲግሪ ሲሆን ታችኛው ክፍል በራሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ቴርሞስታቱ ኮምፕረሰሩን የሚያስነሣበት ምክንያት የለም። ኮምፕረሰሩ ሲያርፍ ፍሪዘሩ ቀስ በቀስ ይሞቃል። በዚህ ሞዴል ደግሞ ታይመሩ እስከ ማቅለጫው ያለውን ሰዓት የሚቆጥረው ኮምፕረሰሩ ሲሠራ ብቻ ነው። 8 ሰዓት የሚቆጥር ታይመር በብርድ ወቅት ያንን ለመጨረስ ከአንድ ቀን በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ላይ የምጣዱ እንፋሎት አለ። በረዶ የሚሆን እርጥበት እንደ ልብ እየገባ፣ ማቅለጫው ግን እየዘገየ።

መድኃኒቱ ሳሎን ማስገባት ነበር። እናትየው መጀመሪያ አልወደዱትም፤ በኋላ ግን ላዩ ላይ ዳንቴል ሲያለብሱት ቤቱን እንዳሳመረው ተስማሙ። ዳንቴሉ ላይ ላዩን ይሁን፣ ጀርባው ግን ከግድግዳ ራቅ ብሎ አየር ያግኝ ብያለሁ። ሳሎን ከገባ ወዲህ ሥጋው አልለሰለሰም።

ለሌላ ቤት የሚሆን

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ቤት የሚሻገረው እንደ እኔ እይታ ይህ ነው።

ላይ እየቀዘቀዘ ታች ካልቀዘቀዘ፣ ጀርባው ላይ በረዶ ከወጣ፣ ነቅለው በሩን ከፍተው አንድ ቀን ሲያሳድሩት ደግሞ ለሁለት ሳምንት ከዳነ፣ ጋዝ ብለው አይክፈሉ። ነቅሎ ማሳደሩ ራሱ ነፃ ምርመራ ነው። የጋዝ ችግር በመንቀል አይድንም። ጠጋኝ ሲጠሩም «የፍሪዘሩን ክዳን ከፍተህ በረዶውን አሳየኝ» ይበሉ። ለማሳየት የማይፈልግ ጠጋኝ ጋዝ ከመሙላቱ በፊት ይሸኝ።

ፊውዝ ተቃጥሎ ከተገኘ ቢሜታሏም አብራ ትቀየር። ጥንዱ ከአንድ የጋዝ ሙሌት ዋጋ በብዙ ይረክሳል። የእኛ ቤተሰብ የሥጋውን ኪሳራ ሳይጨምር ለጋዙ የከፈለው ለጠቅላላው ጥገና ካወጣው ይበልጣል።

ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ደግሞ ምርመራውን በክፍል ሙቀት አንመን። ለብ ያለ ውሃ ይቅረብ። ከመንዝ እስከ አንኮበር ያለ ቤት ይህንን ቢያውቅ ጤነኛ ዕቃ አይጥልም፤ የተበላሸም አይመልስም።

ታይመር በሌላቸው፣ በኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በሚታዘዙ አዳዲስ ፍሪጆች ላይ ይህ ሁሉ እንዳለ አይሠራም። ብዙዎቹ በቢሜታል ፋንታ ሙቀቱን ለቦርዱ የሚያሳውቅ ሴንሰር አላቸው፤ እሱ ደግሞ የሚለካው ተዘጋ ተከፈተ ተብሎ ሳይሆን ሙቀቱ ሲለዋወጥ የሚለዋወጠውን ኦም በማየት ነው። የበረዶው መልክ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ፍሪጁ ዐቢይ ጾምን፣ ከዚያም ፋሲካን አልፏል። የፋሲካው ሥጋ አልተነካም። ልጁ በየወሩ ታይመሩን በእጁ አዙሮ «ቸስ»ን ያዳምጣል፤ አያስፈልግም ብለውም አይሰማ።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። የታችኛው በር ጎማ ከላይ በቀኝ ጥጉ አይገጥምም። የ10 ብር ኖት አስገብተን በሩን ዘግተን ስንስባት ሌላው ቦታ ላይ ታንገራግራለች፣ እዚያ ጥግ ላይ ግን ሸርተት ብላ ትወጣለች። በአይሱዙው ላይ ተኝቶ ሲመጣ ተጣሞ ሳይሆን አይቀርም። በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አለስልሰን ወደ ውጭ ስበነው ነበር፤ ለጥቂት ቀን ይይዝና ይመለሳል። ልኩ የሆነ ጎማ እስኪገኝ ድረስ እናትየው በሩን ሲዘጉ ያቺን ጥግ በመዳፋቸው ጫን ያደርጓታል።